የተቃጠለው ሕንፃና መታሰቢያውን የሚያቅዱት ሰዎች

በሎንዶን ከተማ፣ ሰሜን ኬንሲንግተን በተባለው ሠፈር፣ ግሬንፌል ታወር የተባለውን ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ከላይ ወደ ታች ፎቅ በፎቅ የማውረዱ ሥራ በሴፕቴምበር ወር 2025 ተጀምሯል። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል እንደሚፈጅ የእንግሊዝ መንግሥት አስታውቋል። ሕንፃው በሚነሣበት ሥፍራ ላይ መታሰቢያ ይቆማል። የመታሰቢያውን ሐሳብ የሚያወጡት ደግሞ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ልጆቻቸውን፣ ወላጆቻቸውን፣ እኅትና ወንድሞቻቸውን ያጡ ሰዎች፣ ከእሳቱ የተረፉ ነዋሪዎችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው የእነዚህን ሰዎች ሥራ ነው። ለይተን ካላመለከትን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተፈጸመው በሩቅ አገር ቢሆንም ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በእሳቱ ከሞቱት 72 ሰዎች መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው በዚያ ቤት የመሠረቱ ሰዎች ከነልጆቻቸው ይገኙባቸዋል። የሞሮኮ፣ የሱዳን፣ የሊባኖስ፣ የሶርያ፣ የኢራን፣ የባንግላዴሽና የጣልያን ተወላጆችም አብረዋቸው አልቀዋል። ትውልዷ ከጋምቢያ የሆነችው ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ካዲጃ ሳይ በዚያው ዓመት ሥራዎቿ በቬኒስ ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ቀርበው ሳለ በዚያ ሌሊት ከእናትዋ ጋር ሞተች። ከዚህም ሌላ፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ የሕዝብን አቤቱታ የሚሰማ ተማሪ፣ ዛሬም በወንበሩ ላይ ያለ ወጣት ሠራተኛ ሊያስብበት የሚገባ ነገር በጉዳዩ ውስጥ አለ።

እሳቱ የተነሣው ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ማለት በኤውሮፓ አቈጣጠር ጁን 14 ቀን 2017፣ ለሌሊቱ 7 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ነው። መነሻውም በአራተኛው ፎቅ ላይ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ የነበረ ማቀዝቀዣ ነው። ከማቀዝቀዣ እሳት መነሣቱ በየትኛውም ከተማ የሚደርስ ነገር ነው፤ የተጠራው የእሳት አደጋ ቡድንም አጥፍቶት ወደ ጣቢያው ይመለስ ነበር። ነገር ግን ሕንፃው ከ2012 እስከ 2016 በታደሰ ጊዜ የውጭ ግድግዳው በአሉሚኒየም ልባስ ተሸፍኖ ነበር፤ የልባሱም ሆድ ፖሊኤቲሊን የተባለ በኃይል የሚነድድ ፕላስቲክ ነበር። አስቀድሞ የታሰበው የዚንክ ልባስ ሲሆን፣ ወደ አሉሚኒየሙ የተለወጠው ወደ 300 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ለመቈጠብ ሲባል ነው። እሳቱ በመስኮት ወጥቶ ይህን ልባስ ከያዘ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጣሪያው ላይ ደረሰ።

ለ129 ቤቶች የነበረው መውረጃ ደረጃ አንድ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ስልክ ለሚደውሉት ነዋሪዎች በደንቡ መሠረት ይሰጥ የነበረው መልስ «ከቤታችሁ አትውጡ» የሚል ነው። ደንቡ የወጣው እሳት ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ቤት አይሻገርም ለተባለለት ሕንፃ ነው፤ ይህ ሕንፃ ግን በልባሱ ምክንያት እንዲህ ያለ ሕንፃ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ምክሩ እስኪለወጥ ድረስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከሞቱት 72 ሰዎች መካከል 18ቱ ልጆች ነበሩ።

እነዚህ ነዋሪዎች ከእሳቱ በፊት ዝም ብለው አልተቀመጡም ነበር። ማኅበር አቋቁመው ስለ ሕንፃው ደኅንነት ደጋግመው ጽፈዋል፤ እሳቱ ከመነሣቱ ከሰባት ወር በፊት እንኳ፣ በኖቬምበር 2016፣ ብዙ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ካልደረሰ በቀር የሚሰማቸው እንደማይኖር በጽሑፍ አስታውቀው ነበር። ኬንሲንግተንና ቼልሲ የተባለው ክፍለ ከተማ በእንግሊዝ አገር እጅግ ሀብታም ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ደግሞ በአንድ በኩል ባለጠጎች፣ በሌላ በኩል በምክር ቤቱ ቤቶች የሚኖሩ ሠራተኞችና ስደተኞች በጥቂት መንገዶች ብቻ ተለያይተው ይኖራሉ። የአቤቱታ ደብዳቤ ከአንዱ ሠፈር ሲመጣና ከሌላው ሠፈር ሲመጣ በአንድ ዓይን አይነበብም የሚለው የነዋሪዎቹ ቅሬታ የመጣው ከዚህ ነው።

እሳቱ በጠፋ ማግሥት የክፍለ ከተማው ምክር ቤት ተግባሩን ለመወጣት አልቻለም፤ መሪውም ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ከሥልጣኑ ወረደ። ምግብና ልብስ የሰበሰቡት፣ የጠፉትን ሰዎች ስም የመዘገቡት፣ መኝታ የሰጡት የሠፈሩ ሰዎች፣ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ዕድር በማያውቅ አገር ዕድር በአንድ ሌሊት ተመሠረተ ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንብንም። ግሬንፌል ዩናይትድ የተባለው የሟች ቤተሰቦችና ከእሳቱ የተረፉ ሰዎች ማኅበር የተወለደው በዚያው በጁን ወር ነው። ቈይቶም የሟቾች የቅርብ ዘመዶች ራሱን የቻለ ሌላ ቡድን አቋቋሙ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ ሌሊት በፊት በሚኒስትር ፊት ቀርበው የማያውቁ ተራ ሠራተኞች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ስለ ግንባታ ሕግና ስለ ልባስ መፈተኛ ደንብ ከአንዳንድ መሐንዲስ የተሻለ መናገር ይችላሉ። ይህን ዕውቀት በምን ዋጋ እንደ ገዙት ማንም ያውቃል።

ማኅበሮቹ ካደረጓቸው ነገሮች ሁሉ እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ዝምተኛው ሰልፍ ነው። እሳቱ በተነሣ በ14ኛው ቀን መታሰቢያ፣ ወር በገባ በ14ኛው ቀን ምሽት፣ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አረንጓዴ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስረው አንዳች ቃል ሳይናገሩ በሠፈሩ መንገዶች ላይ ይሄዱ ነበር። ይህንንም ለብዙ ጊዜ ሳያቋርጡ አደረጉት። ቢጮኹ ኖሮ ሁከት ፈጠሩ ተብሎ ፖሊስ ይላክባቸው ነበር፤ በዝምታ ሲሄዱ ግን የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች ሳይቀሩ በመንገዱ ዳር ቆመው አከበሯቸው። በሰልፉ ላይ መስጊድ የሚሄደውና ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ እንግሊዝኛ የሚያውቀውና የማያውቀው እኩል ነበር፤ ዝምታ አስተርጓሚ አይፈልግምና።

አሁን ወደ መታሰቢያው ጉዳይ እንግባ። ሌላ ማኅበር መታሰቢያ ላቁም ሲል ችግሩ ገንዘብና ቦታ ነው። ገንዘቡን በመዋጮ ይሰበስባል፤ ቦታውን ከከተማው አስተዳደር ይለምናል። የግሬንፌል ሰዎች ችግር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቦታው የተከሳሹ ነበር። ሕንፃው የክፍለ ከተማው ምክር ቤት ንብረት ሲሆን፣ እድሳቱም የተካሄደው በእሱ ኃላፊነት ሥር ነው። ሟቾቻችንን የምናስብበትን መሬት በእኛ ሞት ከሚጠየቀው እጅ እንዴት እንቀበል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ስለዚህም በ2018 መንግሥቱና ምክር ቤቱ ከቤተሰቦቹ ጋር ሆነው የቦታውን የወደፊት ዕጣ የሚወስነው ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲሆን መመሪያ አወጡ፤ በ2019ም ቦታው ከምክር ቤቱ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተዛወረ። ይህ መፍትሔ ግማሽ መፍትሔ ነው። የግንባታውን ደንብ የሚያወጣውና የሚቈጣጠረው ማዕከላዊው መንግሥት ነበርና፤ የሕንፃ ደኅንነት ማስጠንቀቂያዎችን ለብዙ ዓመት ችላ ማለቱ በኋላ በምርመራ ተረጋግጦበታል።

እንዲህ ያለው ነገር በእንግሊዝ መንግሥት ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በኤውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 21 ቀን 1966፣ በዌልስ አገር አበርፋን በተባለች የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ላይ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የወጣ የቈሻሻ ክምር ከተራራው ተንዶ ወረደ። ትምህርት ቤቱን ቀብሮ 116 ልጆችና 28 አዋቂዎች ገደለ። ክምሩ የመንግሥት የነበረው የከሰል መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የመርማሪው ጉባኤ በ1967 ጥፋቱ የዚህ መሥሪያ ቤት መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ይሁን እንጂ ከሹማምንቱ መካከል በፍርድ የተጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። መሥሪያ ቤቱ ስለ አንድ ሕፃን ሞት የከፈለው 500 ፓውንድ ነው።

ከዓለም ሕዝብ የተላከው መዋጮ ግን 1,750,000 ፓውንድ ደረሰ። ይህ ገንዘብ ለተጐዱት ቤተሰቦችና ለመታሰቢያ የታሰበ ነው። የቀሩት ክምሮች ከመንደሩ በላይ ቆመው ስለ ነበር ወላጆቹ ይነሡልን ብለው ለመኑ፤ የሚሰማ አላገኙም። በመጨረሻ የከሰሉን ጭቃ በከረጢት ተሸክመው ካርዲፍ ከተማ ባለው የዌልስ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገብተው አፈሰሱት። ከዚህ በኋላ ክምሩ እንዲነሣ ተወሰነ፤ ነገር ግን ለማንሻው ከወጪው 150 ሺህ ፓውንድ ከዚያው ከሐዘን መዋጮ እንዲከፈል ተደረገ። ልጆቻቸውን የገደለውን ቈሻሻ ለማስጠረግ የሟቾቹ ወላጆች ከፈሉ ማለት ነው። ገንዘቡ የተመለሰላቸው ከ29 ዓመት በኋላ በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። የዌልስ መንግሥት በ2007 ተጨማሪ ገንዘብ ሰጥቶ ነገሩን ለማስተካከል ሞከረ። በዚያን ጊዜ ከወላጆቹ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም። ትምህርት ቤቱ በነበረበት ቦታ ዛሬ የአትክልት ሥፍራ ይገኛል፤ በኰረብታው ላይ ያለው የልጆቹ መቃብርም በነጫጭ ቅስቶች ተሰልፎ ከሩቅ ይታያል።

አበርፋንን በዚህ ያህል ርዝመት ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያች መንደር ሰዎች የሠሩት መታሰቢያ ያማረ ነው፤ ነገር ግን መታሰቢያው ሲጠናቀቅ ተጠያቂ የሆነ ሰው አልነበረም። ለግሬንፌል ሰዎችም ትልቁ ፍርሃታቸው ይኸው ነው፤ መታሰቢያው የፍርድ ምትክ ሆኖ እንዳይቀር። አንድ ሚኒስትር ጥቁር ልብስ ለብሶ ሪባን ሲቈርጥ ሕዝቡ ነገሩ ተፈጽሟል ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ፍርድ እስኪመጣ መታሰቢያው ይቈይ ቢባል፣ ያረጁት እናቶችና አባቶች ሳያዩት ይሞታሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ለማንም ሰው ቀላል አይደለም።

የመታሰቢያው ኮሚሲዮን የሚሠራው በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ኮሚሲዮኑ የሟች ቤተሰቦች፣ ከእሳቱ የተረፉ ሰዎችና ሕንፃው የሚገኝበት ላንካስተር ዌስት የተባለው መንደር ነዋሪዎች ወኪሎች የሚገኙበት ሲሆን፣ ገለልተኛ የሆኑ ሁለት ሊቃነ መናብርት አብረው መርተውታል። አንደኛዋ ቴልማ ስቶበር በ2005 በሎንዶን ባቡሮች ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት ተጐድተው የተረፉ ሴት ናቸው፤ ሁለተኛው ሎርድ ፖል ቦቴንግ ከጋና አባት የተወለዱ፣ በእንግሊዝ አገር ከጥቁር ሕዝብ ወገን የመጀመሪያው የካቢኔ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በወንበሩ ላይ መቀመጣቸው ብልህነት ነበር ብለን እናስባለን፤ የሐዘንተኛን ነገር መስማት የሚችል ሰው መጀመሪያ ሐዘን ምን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት፤ የመንግሥትን ደጅ የሚያንኳኳም በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ማወቅ ይገባዋል።

ሥራቸውም የቸኰለ አልነበረም። ሕንፃው ምን ዓይነት ይሁን ብለው ከመጠየቃቸው በፊት በቦታው ላይ ቆማችሁ ምን እንዲሰማችሁ ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁ። በስብሰባ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ጠየቁ፤ በአደባባይ መናገር የማይችል ሐዘንተኛ አለና። በኖቬምበር 2023 ባወጡት መግለጫ ቦታው የተቀደሰ የሰላም ሥፍራ እንዲሆን፣ የአትክልት ቦታና ሐውልት እንዲኖረው፣ ዘመዶቻቸውን ያጡ ቤተሰቦችም ከሰው ዓይን ተለይተው የሚያለቅሱበት የራሳቸው ሥፍራ እንዲያገኙ አሳሰቡ። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ከሐውልቱ ይልቅ የሚመዝነው እሱ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከእሳቱ ኃይል የተነሣ ለቤተሰብ የተመለሰው አካላቸው ጥቂት ነበር፤ ቦታውን እንደ መቃብር የሚያዩት ሰዎች ያሉትም ለዚህ ነው። በ2025 አምስት የአርክቴክቶች ቡድኖች በዕጩነት ቀርበው ፍሪሃውስ የተባለው ተመረጠ። ገንዘቡን የሚከፍለው መንግሥት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ነገር ከኮሚሲዮኑ እጅ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ይኸውም የሕንፃው ዕጣ ነው። በቦታው ላይ ምን ይሠራ የሚለውን ማኅበረሰቡ ይወስናል፤ የቆመው ሕንፃ ይፍረስ ወይስ ይቁም የሚለውን ግን የሚወስነው መንግሥቱ ነው ተባለ። ስለሚተከለው ተማክሮ ስለሚነቀለው አለመማከር ምን ዓይነት ምክር እንደ ሆነ እኛ ሊገባን አልቻለም። በፌብሩዋሪ 2025 በዚያን ጊዜ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አንጄላ ሬይነር ቤተሰቦቹን ሰብስበው ሕንፃው እስከ መሬቱ ድረስ በጥንቃቄ እንደሚወርድ ነገሯቸው። ምክንያቱም መሐንዲሶች እንዳሉት ሕንፃው በድጋፍ የቆመ ከመሆኑም በላይ ይዞታው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከፋ መሄዱ ነው።

ቤተሰቦቹ በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አልነበራቸውም። ግሬንፌል ዩናይትድ የብዙዎቻችን ሐሳብ ሳይጠየቅ ውሳኔው ተላለፈ ብሎ በብርቱ ተቃወመ፤ የቅርብ ዘመዶቹ ቡድን ግን ለዘብ ያለ ቃል ተናገረ። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው። አንዳንዶቹ ሕንፃው፣ ወይም ቢያንስ ከፊሉ፣ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ቆሞ መታየት አለበት ይላሉ፤ ከዓይን የራቀ ነገር ከዳኛ ልብም ይርቃል ብለው ይሠጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ በየማለዳው መስኮታቸውን ሲከፍቱ ዘመዶቻቸው የሞቱበትን ግንብ ማየት አልቻሉም። በሕንፃው እግር ሥር ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪዎቹ ከክፍላቸው ሆነው ያዩታል። እንግዲህ በዚህ ነገር ላይ ቤተሰቦቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይናገሩ ነበር ብሎ የጠበቀ ሰው ሐዘንን አያውቅም። የባለሥልጣኑ ጥፋት መለያየታቸውን ማየቱ አይደለም፤ መለያየታቸውን እያየ ምርጫው ለምን ይህ እንደ ሆነ ማስረጃውን ዘርግቶ አስቀድሞ አለማሳየቱ ነው።

ስለ ፍርዱም ጥቂት እንበል። በሰር ማርቲን ሙር ቢክ የተመራው የምርመራ ጉባኤ የመጨረሻውን መግለጫ ያወጣው በሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 ነው። የሞቱት ሁሉ ባልሞቱ ነበር አለ፤ ዕቃውን የሠሩት ኩባንያዎች የፈተና ውጤትን በመደበቅ ገዢዎችን እንዳታለሉ፣ መንግሥቱና የክፍለ ከተማው ምክር ቤትም ተግባራቸውን እንዳልፈጸሙ ዘርዝሮ አመለከተ። ቀደም ብሎ በ2023 ወደ 900 ለሚሆኑ ከሳሾች 150 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ካሣ እንዲከፈል ስምምነት ሆኗል። በወንጀል ክስ በኩል ግን ፖሊስ በ2024 እንደ ገለጸው፣ ማን ይከሰስ የሚለው ከ2026 መጨረሻ በፊት አይወሰንም። በሴፕቴምበር 2025 ለፓርላማው የቀረበ አንድ የሕግ ረቂቅ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች በእንዲህ ያለ አደጋ ምርመራ ላይ እውነቱን ሳይደብቁ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ነው። ረቂቁ የሚጠራው በ1989 በእግር ኳስ ሜዳ ላይ 97 ሰዎች በተጨፈለቁበት በሂልስቦሮ ስም ነው፤ የሂልስቦሮ ቤተሰቦች እውነቱ በፍርድ ቤት እስኪነገርላቸው 27 ዓመት ጠብቀዋል። የግሬንፌል ሰዎችም ለሕጉ አብረዋቸው ሲታገሉ ቈይተዋል። ሥራቸው በድንጋይና በአበባ ብቻ እንዳይወሰን የፈለጉ መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

የቀረው ሥራ ብዙ ነው። የአርክቴክቶቹ ንድፍ ለፈቃድ መቅረብ አለበት፤ ከሕንፃው ከሚወርዱት ክፍሎች መካከል ቤተሰቦቹ ለመታሰቢያው ይጠበቁልን ያሏቸው ነገሮች ካሉ ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። ግንባታው ከ2027 በፊት እንዲጀመር አልታቀደም። በጁን 14 ቀን 2027 አሥረኛው ዓመት ሲደርስ ግንቡ ወርዶ ለማለቅ የተቃረበ ይሆናል፤ መታሰቢያው ግን ገና አይቆምም። በዚያ ምሽት ሰልፈኞቹ እንደ ልማዳቸው በዝምታ ሲሄዱ፣ ከሠፈሩ መንገዶች ሁሉ ቀና ብለው ያዩት የነበረው ሕንፃ በቦታው አይኖርም።